የድምፅ ዲኮደር በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ውስጥ መግጠም፣ ሲበላሽም ጥፋቱን ማግኘት

የድምፅ ዲኮደር (ከሐዲዱ የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን የሚመራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከገጠሙ ሰዎች የሚሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። «ሐዲዱ ላይ ባስቀመጥኩት ቅጽበት ተቃጠለ።» «ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል።» «ይጮሃል እንጂ አይንቀሳቀስም።» አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዲኮደሩ አይደለም። ዲኮደሩ የገባበት ሎኮሞቲቭ ሳይዘጋጅ ቀርቶ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ዝግጅት ነው። እሱን ዘላችሁ ወደ ብየዳው አትሂዱ።

መመሪያው በዲሲሲ (ኃይልና ዲጂታል ትእዛዝ በአንድ ሐዲድ በሚላክበት የአነዳድ ዘዴ) ለሚነዱ ኤችኦ (1፡87) እና ኦኦ (1፡76) ሞዴሎች የተጻፈ ነው። ለኤን (1፡160) ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ቦታው ብቻ ይጠባል። ዲኮደሩ ውስጥ የሚጻፉትን የቅንብር ቁጥሮች «ሲቪ» እያልኩ እጠራለሁ። ማኑዋሎቹም የሚጠሯቸው በዚሁ ስም ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ ይኑሩ

- ግንኙነት ሲያገኝ «ቢፕ» የሚል ዲጂታል ቴስተር። ያለ እሱ ሥራውን አትጀምሩ።
- ጫፉ ቀጭን፣ ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ።
- ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ሊድ። ለቧንቧ ብየዳ የሚሸጠውን አሲድ ያለበት ማጽጃ አታስጠጉ። ቀጭን ሽቦን ቀስ በቀስ ይበላዋል።
- ሲሞቅ የሚሰበሰብ የሽቦ መሸፈኛ ቱቦ እና ካፕቶን ቴፕ (ሙቀት የሚችል ስስ ቴፕ)። ጥቁሩ ተራ ናስትሮ አይሆንም። ሎኮሞቲቩ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ናስትሮው ይላቀቃል።
- ወረንጦ፣ ትንንሽ ካቻቢቴዎች፣ ብሎን ማስቀመጫ ሳህን።
- 12 ቮልት ዲሲ (ያለ ዲጂታል ትእዛዝ፣ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) የሚሰጥ ተራ የባቡር መቆጣጠሪያ።
- የዲኮደሩ ማኑዋል። በተለይ የስፒከሩን ኦም እና የሞተሩን ከፍተኛ አምፔር የሚናገረው ገጽ።

ብሎኖቹን ከስፒከሩ አርቁ። የስፒከር ማግኔት ትንሽ ብሎን ከጠረጴዛው ላይ ጎትቶ ስሱን ሽፋን በአንድ አፍታ ይቀደዋል።

## ደረጃ 1፦ በተራ ዲሲ አሂዱት

ዲኮደር ደካማ ሜካኒክን አያድንም። እንዲያውም ያጋልጠዋል። በዝግታ ሲሄድ የሚንገጫገጭ ሎኮሞቲቭ ድምፅ ሲጨመርበት መንገጫገጩ ለጆሮም ይሰማል።

1. ምንም ሳትነኩ በዲሲ ለ15 ደቂቃ ያህል ወደ ፊት፣ ለ15 ደቂቃ ደግሞ ወደ ኋላ አሂዱት።
2. እስከ መጨረሻው ዝግታ አውርዱት። ጎማው በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ይያዛል? ከተያዘ ዘንጎቹን ፈትሹ። የተጣመመ ዘንግ ወይም ከጎረቤቱ ጋር አንግሉ ያልተስማማ ጎማ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታስተካክሉ ወደሚቀጥለው አትለፉ።
3. ጥርሶቹን አጽዱ። ፕላስቲክ የማይበላ ቀላል ዘይት በጣም በጥቂቱ ጠብ አድርጉ።

ቀጥሎ አምፔሩን ለኩ። ቴስተሩን ከፍተኛው የአምፔር ቦታ ላይ አድርጉና ከመቆጣጠሪያው በሚመጣው በአንደኛው ሽቦ መሃል አስገቡት። 12 ቮልት ስጡ። ጎማዎቹ ቆመው እስኪቀሩ ድረስ ሎኮሞቲቩን ወደ ሐዲዱ ተጫኑት። አንድ ሁለት ሰከንድ ይበቃል፤ ቁጥሩን አንብቡና ልቀቁት። ያነበባችሁት ሞተሩ ተይዞ ሲቀር የሚስበው አምፔር ነው፤ ከዲኮደሩ የሞተር አቅም በታች መሆን አለበት። አዳዲስ ዝግ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ከ1 አምፔር በታች ይስባሉ። ጠመዝማዛው ከውጭ የሚታይ አሮጌ ሞተር ግን ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወይ ሞተሩን ቀይሩ፣ ወይ አቅሙ ከፍ ያለ ዲኮደር ግዙ። «ምናልባት ይችለው ይሆናል» ብሎ መሞከር ዲኮደር ያስከፍላል።

## ደረጃ 2፦ ሞተሩን ከሐዲዱ ሙሉ በሙሉ ለዩ

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ይህ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

በዲሲሲ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ 14 ወይም 15 ቮልት አካባቢ አለ፤ ባቡሩ ቆሞም ቢሆን። ሞተሩ ይህን ኃይል በቀጥታ ማግኘት የለበትም። የሚደርሰው ዲኮደሩ መጥኖ የሚሰጠው ብቻ መሆን አለበት። ከሁለቱ የሞተር ካርቦኖች አንዱ እንኳ በድብቅ ከሐዲዱ ጋር ከተነካካ፣ የሐዲዱ ኃይል በሞተር መውጫው በኩል ወደ ዲኮደሩ ይመለሳል። የመውጫው ትራንዚስተሮች ያን ጊዜ አይተርፉም።

ከፋብሪካው ሶኬት ያለው ሎኮሞቲቭ (8 ፒን፣ 21 ፒን፣ ፕላክስ22፣ ኔክስት18) ሞተሩ አስቀድሞ ተለይቶ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ለኩት። ሶኬት የሌለው አሮጌ ሞዴል ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንደኛው ካርቦን ኃይሉን የሚያገኘው በብረት ሻሲው በኩል ነው። ያንን መንገድ መቁረጥ የእናንተ ሥራ ነው።

1. አካሉን አንሡ። ከካርቦኖቹ የሚወጡትን ሽቦዎችና ላሜራዎች በስልካችሁ ፎቶ አንሡ።
2. ከካርቦን ወደ ሻሲ የሚሄደውን ላሜራ ወይም ስፕሪንግ አውጡ። በቦታው ወደ ካርቦን መያዣው ሽቦ በይዱ።
3. ሞተሩን ከሻሲ ጋር የሚያስረው የብረት ብሎን ካርቦን መያዣውን የሚነካ ከሆነ በናይለን ብሎን ተኩት። በሞተሩና በሻሲው መካከል ካፕቶን ቴፕ አንጥፉ።
4. ከካርቦን ወደ ሻሲ የተበየዱ ትንንሽ ካፓሲተሮችን አንሡ። ለሬዲዮ መረበሽ መከላከያ የተቀመጡ ናቸው፤ ዲኮደሩ የሞተሩን ፍጥነት ሲለካ ያውኩታል።

አሁን ቴስተሩን «ቢፕ» ላይ አድርጉት። ዲኮደሩ ገና አልገባም፤ ሶኬት ካለውም የዲሲ መሸጋገሪያ ፕላጉን ንቀሉ፤ እሱ ሞተሩን በቀጥታ ከሐዲድ ጋር ያገናኛልና። እነዚህን ሁሉ ፈትሹ፦

- አንደኛው ካርቦን ከቀኝ ጎማዎች፣ ከግራ ጎማዎች፣ ከሻሲው ጋር
- ሁለተኛው ካርቦን ከቀኝ ጎማዎች፣ ከግራ ጎማዎች፣ ከሻሲው ጋር

ስድስቱም ዝም ማለት አለባቸው። ዝም አሉ ማለት ግን አበቃ ማለት አይደለም። ቴስተሩን እንደያዛችሁ ጎማዎቹን በጣታችሁ ሙሉ ዙር አዙሩ። አንዳንድ ግንኙነት የሚፈጠረው ዘንጉ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ከዚያ አካሉን መልሳችሁ አልብሱት፣ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ እንደገና ለኩ። ረዘም ያለ የአካል ብሎን ሲጠብቅ ጫፉ ካርቦን መያዣውን የሚነካባቸው ሞዴሎች አሉ። አካሉ ተነሥቶ ሲለካ ሁሉም ሰላም ነው፤ ሲዘጋ ይቃጠላል። ሰዎች «ያለ ምክንያት ተቃጠለብኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነው።

አንዱ «ቢፕ» ካለስ? ወደፊት አትሂዱ። ሞተሩን ከሻሲው አውጡና ብቻውን ለኩት። ካርቦኑ ከሞተሩ ብረት ገላ ጋር «ቢፕ» ካለ ጥፋቱ ሞተሩ ውስጥ ነው። ዝም ካለ ጥፋቱ አቀማመጡ ላይ ነው፤ ቴፑንና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈልጉ።

## ደረጃ 3፦ ኤሌክትሪክ መቀበያውን አጠናክሩ

ተራ ሞተር ለቅጽበት ኃይል ቢያጣ በራሱ ግፊት ያልፋል። ድምፅ ግን ያልፈው አይችልም። ይቆረጥና ከመነሻው ይጀምራል። ስለዚህ መቀበያው ላይ አትሰስቱ።

ጎማዎቹን በአልኮል አጽዱ። መቀበያ ላሜራዎቹ የጎማውን ጀርባ በቀላሉ መንካት አለባቸው፤ ከተጫኑ ብሬክ ይሆናሉ፣ ከራቁ ኃይል አይሰጡም። ቴንደሩ (ከኋላ የሚጎተተው የከሰልና የውሃ መጫኛ) የብረት ጎማ ካለው ከእሱም ላይ ኃይል ውሰዱ። ከሎኮሞቲቩ ጥቂት ጎማዎች ላይ የላስቲክ ቀለበት ካለ እነዚያ ኃይል አይቀበሉም፤ የቴንደሩ ጎማዎች ደግሞ የሚያስፈልጉት ያን ጊዜ ነው።

## ደረጃ 4፦ ስፒከሩን አስቀምጡ

ብዙ ሰው ዲኮደር ላይ ገንዘብ አፍስሶ ስፒከሩን እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። የድምፁን ጥራት የሚወስነው ግን ስፒከሩና ሳጥኑ ነው።

መጀመሪያ ኦሙን አረጋግጡ። ማኑዋሉ ከፈቀደው በታች የሆነ ስፒከር የድምፅ ማጉያውን ያቃጥላል። ትውልዱም ለውጥ አለው። የአምራቹ ኢኤስዩ አሮጌ ዲኮደር ሎክሳውንድ 3.5 የሚፈልገው 100 ኦም ነው። ሎክሳውንድ 5 ደግሞ ከ4 እስከ 32 ኦም ይቀበላል። ከአሮጌ ሎኮሞቲቭ የወጣን ስፒከር ሳትለኩ ወደ አዲስ፣ ከአዲስም ወደ አሮጌ አታዛውሩ። ሁለት 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን (በፓራለል) ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ በተከታታይ (በሲሪስ) ሲገናኙ 16 ኦም።

ሳጥኑን ዝጉ። ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ይስባል። የፊቱና የኋላው ድምፅ ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። ሳጥኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት እንኳ ወፍራሙን ድምፅ ታጠፋለች። ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ ጭምር በጥቂት ሲሊኮን ድፈኑ። ሲሊኮኑ የሚርገበገበውን ሽፋን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

ፊቱ ይተንፍስ። ከስፒከሩ ፊት ቢያንስ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ክፍት ይሁን፤ ድምፁ የሚወጣበት ቀዳዳም ይኑር። ቴንደር ውስጥ ከሆነ ወለሉን መብሳት ወይም በከሰሉ ክምር ሥር ክፍተት መተው ይቻላል። ብረት ስትበሱ ስፒከሩ ክፍሉ ውስጥ እንኳ አይኑር። የብረት ብናኝ ማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ድምፁም ለሁልጊዜው ይሻክራል።

ቴንደር ወይስ ቦይለር? ቦታ ካለ እኔ የምመርጠው ቴንደሩን ነው፤ ትልቅ ሳጥን ይችላል። ድምፁ ከጭስ ማውጫው እንዲመጣ ከፈለጋችሁ 11 በ15 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ስፒከር በጭስ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ይህን ለማድረግ ክብደት ከቆረጣችሁ ግን የመጎተት ጉልበቱ ይቀንሳል።

ሁለት ስፒከር ከተጠቀማችሁ አብረው መግፋት አለባቸው። 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ንኩበት። ሁለቱም ሽፋኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ከተንቀሳቀሱ ልክ ነው። ካልሆነ የአንዱን ሽቦዎች አገለባብጡ።

## ደረጃ 5፦ ሽቦዎቹን በይዱ

የኤንኤምአርኤ (የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር) የቀለም ስምምነት ይህ ነው፦

- ቀይ፦ ከቀኝ ሐዲድ መቀበያ
- ጥቁር፦ ከግራ ሐዲድ መቀበያ
- ብርቱካናማ፦ ሞተር
- ግራጫ፦ ሞተር
- ነጭ፦ የፊት መብራት
- ቢጫ፦ የኋላ መብራት
- ሰማያዊ፦ ለመብራቶቹ ሁሉ የጋራ ፖዘቲቭ

የስፒከር ሽቦ ቀለም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ቡናማም ሐምራዊም ሊሆን ይችላል። ሐምራዊ በሌላ ዲኮደር ላይ የመብራት መውጫ ስለሆነ ማኑዋሉን ሳታዩ አትበይዱ።

1. የጋለ ካውያ ከመያዛችሁ በፊት የሙቀት ቱቦውን ሽቦው ላይ አስገቡ። ከተበየደ በኋላ ማስገባት አይቻልም።
2. የሁለቱንም ሽቦ ጫፍ ለየብቻው ሊድ አልብሱ። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጉና ካውያውን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ንኩ። ሊዱ ሲያበራና ሲፈስ ካውያውን አንሡ። ሽቦውን እስኪቀዘቅዝ አታንቀሳቅሱ። ደብዛዛና የተኮማተረ ብየዳ ነገ ይለቃል፤ እንደገና አሙቁት።
3. ቱቦውን ብየዳው ላይ አምጡና አሙቁት።
4. ሰማያዊውን ሽቦ ከሻሲም ከሐዲድም ጋር አታገናኙ። የአሮጌ ሞዴል አምፖል አንድ እግሩ ሻሲ ላይ የተበየደ ከሆነ ከሻሲው ለዩት።
5. ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ ሬዚስተር ስጡ፤ 1 ኪሎ ኦም ጥሩ መነሻ ነው። የኤልኢዲው ረጅሙ እግር ወደ ሰማያዊው ይሄዳል።

ሶኬት ላለው ሞዴል ብየዳው ይቀራል፤ አቅጣጫው ግን ይቀራል ማለት አይደለም። 8 ፒን ፕላግ ላይ ቁጥር 1 ፒን ምልክት አለው። ተገልብጦ ከገባ ባቡሩ ይሄዳል፣ መብራቱ ግን አይሠራም። 21 ፒን ላይ አንዱ ፒን ሆን ተብሎ ተትቷል፤ ያለ ጉልበት የማይገባ ከሆነ ተገልብጧል ማለት ነው።

ዲኮደሩን ከሞተሩና ከጭስ መሣሪያው አርቃችሁ ባለ ሁለት ፊት ቴፕ ላይ ለጥፉት። ሻሲው በሚቀርብበት በኩል ብቻ ካፕቶን አድርጉ። ሙሉውን በሙቀት ቱቦ አትጠቅልሉት፤ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ያጣል።

## ደረጃ 6፦ የሎኮሞቲቩና የቴንደሩ ሽቦዎች

ዲኮደሩ ቴንደር ውስጥ ከሆነ በመሃል የሚያልፉት ሽቦዎች ቢያንስ ስድስት ናቸው፦ ሁለት ለሞተር፣ ሁለት ለመቀበያ፣ ሁለት ለፊት መብራት። ወፍራም ሽቦ ስፕሪንግ ይሆንና ቴንደሩን ከሐዲድ ያነሣዋል። በጣም ለስላሳ፣ ብዙ ክር ያለው ሽቦ ተጠቀሙ። ለጥገና እንዲመች መሃል ላይ ትንሽ ፕላግ አድርጉ፤ ግንኙነቱ ተገልብጦ እንዳይገባ አንዱን ጎን በቀለም ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ሎኮሞቲቩን ባላችሁ ጠባብ መታጠፊያ ላይ በእጅ ግፉት፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ሽቦው ከተወጠረ አርዝሙት። ጎማ ወይም ዘንግ ከነካ በወለሉ በኩል አሳልፉት።

## ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ኃይል

አካሉን ገና አታልብሱ። በቴስተር በቀኝና በግራ ጎማዎች መካከል ሾርት አለመኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ ሎኮሞቲቩን በፕሮግራሚንግ ሐዲድ (ሲቪ ለማንበብና ለመጻፍ በተለየ ሐዲድ) ላይ አስቀምጡት እንጂ በዋናው ላይ አይደለም። የፕሮግራሚንግ ሐዲድ የሚሰጠው አምፔር ትንሽ ስለሆነ ስህተት ቢኖርም ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። ዋናው ሐዲድ ግን ብዙ አምፔር ይዞ ይጠብቃል።

ሲቪ8ን አንብቡ። የአምራቹን ቁጥር ይሰጣችኋል፦ ኢኤስዩ 151፣ ዚሞ 145፣ ሳውንድትራክስ 141። ትክክለኛው ቁጥር ከመጣ መቀበያውም፣ ዲኮደሩም፣ ሞተሩም ተገናኝተዋል ማለት ነው። ዲኮደሩ «ደርሶኛል» የሚለው በሞተሩ ላይ አጭር የአምፔር ምት በመስጠት ስለሆነ ሞተሩ ካልተገናኘ መልስ አይመጣም።

ካልተነበበስ? በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ጎማና ሐዲዱ ንጹህ ነው? ቀይና ጥቁር ሽቦ በእርግጥ ከጎማ ጋር ይገናኛሉ? የሞተሩ ሽቦዎችስ? የኃይል ማቆያ ካፓሲተር ካለ ለጊዜው ንቀሉት። ሁሉም ደህና ከሆነ፣ አንዳንድ የድምፅ ዲኮደሮች ሲነሡ የሚስቡት ኃይል ለፕሮግራሚንግ ሐዲዱ እንደሚበዛ አስታውሱ፤ ለዚህ የተሠራ የፕሮግራሚንግ ማጉያ ችግሩን ይፈታዋል።

ከተነበበ ወደ ዋናው ሐዲድ ውሰዱት። አዲስ ዲኮደር አድራሻው (በመቆጣጠሪያው ላይ የሚጠራበት ቁጥር) 3 ነው። በመጀመሪያው የፍጥነት ደረጃ ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ አሂዱት። ጣታችሁን ዲኮደሩ አጠገብ አድርጉ። ሞቅ ማለት ደህና ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ኃይሉን አጥፉ።

## ደረጃ 8፦ ቅንብሩ፣ በቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉ እዚህም ወሳኝ ነው። የእንፋሎቱን ምት መጀመሪያ አስተካክሎ በኋላ ፍጥነቱን መቀየር ሥራውን ከዜሮ ያስጀምራል።

ሀ. ሲቪ29። ብዙ ነገር የሚቆጣጠር ድምር ነው። 1 አቅጣጫ ይገለብጣል፣ 2 ለ28/128 የፍጥነት ደረጃዎች ነው፣ 4 በዲሲ መሄድን ይፈቅዳል፣ 8 ሬይልኮም (ዲኮደሩ ወደ ሲስተሙ መልሶ መረጃ የሚልክበት)፣ 16 የፍጥነት ሰንጠረዥ፣ 32 ረጅም አድራሻ። የምትፈልጉትን ደምሩ። ለምሳሌ 128 ደረጃና ረጅም አድራሻ ብቻ ከሆነ 2+32=34። በዲሲ የማትነዱት ከሆነ 4ን አጥፉት።

ለ. ሞተሩን ማስተዋወቅ። ሎክሳውንድ 4 እና 5 ላይ ሲቪ54ን 0 አድርጉና ኤፍ1ን (የመቆጣጠሪያውን የተግባር ቁልፍ) ተጫኑ። ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት በድንገት ይወረወራል። ከፊቱ ረጅም ቀጥ ያለ ሐዲድ ይኑር፤ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አትሞክሩት።

ሐ. ፍጥነት። ሲቪ2 መነሻውን፣ ሲቪ5 ከፍተኛውን፣ ሲቪ3 መፍጠኛውን፣ ሲቪ4 መቆሚያውን ይወስናሉ።

መ. የእንፋሎት ምት። ሁለት ሲሊንደር ያለው ሎኮሞቲቭ በጎማው አንድ ዙር 4 ጊዜ ይተነፍሳል። ሦስት ሲሊንደር ያለው፣ እንደ እንግሊዙ ኤ4 «ማላርድ»፣ 6 ጊዜ። የእንግሊዙ ሳውዘርን ሬይልዌይ «ሎርድ ኔልሰን» ክራንኮቹ በተለየ አንግል ስለተሠሩ 8 ጊዜ ነው። ለአሜሪካው «ቢግ ቦይ» ሁለት የጎማ ስብስቦች ስላሉት እያንዳንዱ የራሱን 4 ምት ይሰጣል፤ ሁለቱ አንዴ ይገጥማሉ፣ አንዴ ይለያያሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትጀምሩ።

ዓይናችሁን በዘንጉ ብሎን ላይ ትከሉ። በፍጥነት ደረጃ 1 አሂዱና ብሎኑ ከላይ ተነሥቶ ተመልሶ ላይ እስኪደርስ ምቱን ቁጠሩ። ሎክሳውንድ ላይ ሲቪ57ን ስታሳድጉ ምቶቹ ይራራቃሉ፣ ስትቀንሱ ይቀራረባሉ። በዝግታው ልክ ከሆነ በኋላ ፍጥነት ጨምሩና ሲቪ58ን አስተካክሉ። ዚሞ ላይ ሥራው የሲቪ267 ነው፤ ሲቀንስ ምቱ ይፈጥናል። በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ቁጥር ብቻ ለውጡና ቁጠሩ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ይህ ነው፤ ሲገጥም ግን ልፋቱን ይክሳል።

ሠ. የድምፅ መጠን። ሎክሳውንድ ሲቪ63፣ ዚሞ ሲቪ266፣ የሳውንድትራክስ ሱናሚ2 ሲቪ128። ከግማሽ በታች ጀምሩ። ትንሽ ስፒከር ሲጮህበት ሻካራ ይሆናል፣ ሲቆይም ይቃጠላል። ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ከምታስቡት ያነሰ ነው።

## የኃይል ማቆያ ካፓሲተር

ቆሻሻ ሐዲድ ላይ ድምፁን የሚያድነው ይህ ነው። ግን በማኑዋሉ ላይ በተጠቀሰው የዲኮደሩ ቦታ ብቻ በይዱት። በምንም ዓይነት ከቀይና ከጥቁር ሽቦ ጋር አታገናኙት። የሐዲዱ ኃይል አቅጣጫው በየቅጽበቱ ይገለባበጣል፤ ፖላሪቲ ያለው ካፓሲተር በዚያ ላይ ይፈነዳል። ቮልቱም ይብቃ፤ ተራ ካፓሲተር 25 ቮልት ይሁን። 2.7 ቮልት የሆኑት ሱፐር ካፓሲተሮች አንድ በአንድ አይችሉም፤ በተከታታይ ተደርድረው የሚሠሩ ናቸው። ኃይል ስትከፍቱ ሲስተሙ «ሾርት» ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ካፓሲተሩ ሲሞላ የሚስበው ኃይል አስደንግጦታል፤ መሙያውን የሚገድብ ሬዚስተርና ዳዮድ ያለው ዝግጁ ማቆያ ተጠቀሙ።

## ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ድምፅ አለ፣ ፉጨቱም ይሠራል፣ ግን አይንቀሳቀስም። ሲቪ19ን አንብቡ። ከ0 ሌላ ከሆነ ሎኮሞቲቩ ቀድሞ ከሌላ ጋር ተጣምሮ ነበር፤ ፍጥነቱን የሚሰማው ከዚያ አድራሻ ነው። 0 ጻፉበት። ካልተፈታ ብርቱካናማና ግራጫ ሽቦዎችን ተመልከቱ፤ ብሬክ የሚይዝ ቁልፍ በርቶም ሊሆን ይችላል።

ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። መጀመሪያ የድምፅ ቁልፉን ሞክሩ። ሎክሳውንድ ብዙ ጊዜ በኤፍ1 ይከፈታል፤ ሌሎች ደግሞ በኤፍ8 ይዘጋሉ። ቀጥሎ የድምፅ መጠኑን አንብቡ። ከዚያ ኃይል አጥፍታችሁ ስፒከሩን በኦም ለኩ። 8 ኦም የሆነው 7 ወይም 8 አካባቢ ማንበብ አለበት። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ስፒከሩ ሞቷል።

ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል። መጠኑን ቀንሱ። ካልቆመ አንድ ሽቦ ሽፋኑን ይነካል፣ ወይም ሳጥኑ ተላቋል። ቴንደሩን በጣታችሁ ያዝ አድርጉ፤ ድምፁ ከተሻሻለ የሚንቀጠቀጠው ስፒከሩ ሳይሆን የቴንደሩ አካል ነው።

ድምፁ እየተቆረጠ ከመነሻው ይጀምራል። መቀበያ ነው። ሎኮሞቲቩን አቁማችሁ በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ሁልጊዜ በመቀየሪያ ሐዲድ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ሐዲዱ ላይ ነው፤ በየቦታው ከሆነ ጎማውና የቴንደሩ ፕላግ ላይ ነው።

ኃይል ሲከፈት በሙሉ ፍጥነት ይበራል። ሲቪ29 ውስጥ ያለው 4 (ዲሲ) በርቷል። ቀንሱት።

ፍጥነት ስትቀይሩ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። መቆጣጠሪያውና ዲኮደሩ በፍጥነት ደረጃ አልተስማሙም። ሲቪ29 ውስጥ 2 መኖሩን፣ መቆጣጠሪያውም 28 ወይም 128 ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። መብራቱ ትክክል ሆኖ ጉዞው ብቻ ከተገለበጠ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ቀያይሩ። ሁለቱም ከተገለበጡ ሲቪ29 ላይ 1 ጨምሩ።

ቅንብሩ ተመሰቃቅሏል፣ የት እንደተበላሸም አይታወቅም። ሲቪ8 ላይ 8 ጻፉ፤ ከላይ ለጠቀስኳቸው ሦስት አምራቾች አዳዲስ ዲኮደሮች ይሠራል። ኃይሉን ለጥቂት ሰከንድ አጥፍታችሁ መልሱ። አድራሻው ወደ 3 ይመለሳል፤ ድምፆቹ አይጠፉም።

የተቃጠለ ሽታ። ኃይሉን አጥፉ። አዲስ ዲኮደር ከካርቶኑ አታውጡ። የተቃጠለውን ንቀሉና ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ ስድስቱን መለኪያዎች አካሉ ተዘግቶ፣ ጎማው እየዞረ ድገሙ። ከዚያ የስፒከሩ ሽቦዎች ሻሲ አለመንካታቸውን፣ ሰማያዊው ሽቦም ራቁቱን አለመሆኑን እዩ። አሁንም ምንም ካልተገኘ ሎኮሞቲቩን በዲሲ አሂዱና የሚስበውን አምፔር ሞቅ ካለ በኋላ ለኩት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚፈጠር ሾርት አለ። መንስኤው በእጃችሁ ሲገባ ብቻ አዲሱን ዲኮደር ግጠሙ፤ እሱንም እንደገና ከፕሮግራሚንግ ሐዲዱ ጀምሩት።